የዕረፍት ወጪ ሲደመር የሚያበስለው ሰው ሰዓትም ይደመር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የቤተሰብ ገጻችሁ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ለዕረፍት የሚሄድ ቤተሰብ ኩሽና ያለው ቤት ተከራይቶ ራሱ ቢያበስል ይሻለዋል ወይስ ሪዞርት ገብቶ የምግብ ፓኬጅ ቢገዛ የሚለውን ማለቴ ነው። ጸሐፊው የሁለቱንም ወጪ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ደምሮ ቀንሶ፣ ማብሰሉ በእጅጉ ይረክሳል ብሎ ጨረሰ። ድምሩ ላይ ጠብ የለኝም። እኔም ደምሬው አውቃለሁ። ግን ሒሳቡ ጎደሎ ነው። የሚያበስለው ሰው ሰዓት የትም ቦታ አልተጻፈም።

ይህን የምለው ሁለቱንም ስለሞከርኳቸው ነው። መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና አማቴ ሆነን ውሃ ዳር ያለ ቤት ለ7 ሌሊት ተከራየን። ያኔ የነበረን ገንዘብ ለሪዞርት አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ ምርጫው ብዙም አላከራከረንም። ኩሽናው በፎቶ ሲታይ ያምራል። ስንደርስ ግን ምድጃው ኢንዳክሽን የሚባለው ዓይነት ሆኖ አገኘነው። ይህ ምድጃ የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ድስት ብቻ ነው። እዚያ ከነበሩት አራት ድስቶች ሁለቱ ተራ አሉሚኒየም ስለነበሩ ቢጣዱም አይሞቁም። ቢላው ቲማቲም ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። ፍሪጁ ትንሽ ነው፣ የአምስት ሰው የሁለት ቀን አስቤዛ አይችልም። ስለዚህ በየቀኑ ገበያ መውጣት ግድ ሆነ።

ወጪያችንን የምጽፍበት ትንሽ ደብተር ይዤ ነበር። ወደ ገበያ የሚወስደው አውቶቡስ በሰዓት አንዴ ብቻ ስለሚያልፍ የወጣሁበትንና የተመለስኩበትን ሰዓት ዳር ዳሩን መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያ ለመደብኝና ምግብ የተጀመረበትንም፣ ዕቃ ታጥቦ ያለቀበትንም መጻፍ ቀጠልኩ። ለአንድ ነገር ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አልነበረም።

ቤት ከተመለስን በኋላ ባለቤቴ ደብተሩን ይዞ ወጪውን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ደስ ብሎታል። «እዩት እስኪ፣ አምስት ሰው ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ብቻ!» ይላል። ከዚያ ዳር ላይ ያሉትን ቁጥሮች አየና «ይሄ የሰዓቱ ነገር ምንድነው?» አለኝ። አብረን ተቀምጠን ደመርነው። 28 ሰዓት ሆነ። በቀን 4 ሰዓት ማለት ነው። ሰው በቀን 16 ሰዓት ነቅቶ ይውላል ብንል፣ በሳምንት 112 ሰዓት ይሆናል፤ የአንድ ሰው ሳምንት ሩቡ ለምግብ ሄዷል ማለት ነው። ከ28ቱ ውስጥ 22ቱ የእኔ ነው፣ 4ቱ የአማቴ፣ 2ቱ የባለቤቴ።

ባለቤቴ ሰነፍ ሰው አይደለም። ቤት የለመድነው አሠራር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አብሮን ስለተጓዘ ነው። ከመሄዳችን በፊት ማን ምን ይሠራል ብለን አልተነጋገርንም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እሱ ድምሩን አይቶ ዝም አለ። አማቴ ግን ቀድሞውንም ያውቁት ኖሯል። «እኔማ በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ» አሉ። «ሁላችን ለመዝናናት ሄድን፣ አንቺ ለሥራ ሄድሽ።»

የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ አልጽፍም ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ክፍያ ሳይኖረው ከሚሠራው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ 76.2 በመቶውን ሰዓት የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው ይላል። የወንዶቹን 3.2 እጥፍ ማለት ነው። ይህ ድርሻ ሰው ዕረፍት ስለወጣ ብቻ አይለወጥም። እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ቤታችን የተሳለ ቢላ አለ፣ ጨውና ዘይቱ ያለበት ቦታ ይታወቃል፣ ሰፈሩን እናውቀዋለን። በተከራየነው ቤት ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ለአንድ ሳምንት ብላችሁ ሙሉ ጠርሙስ ዘይት ትገዛላችሁ፣ ሙሉ ፓኮ ጨው፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ የቆሻሻ ላስቲክ። ስትወጡ ግማሹን ትታችሁት ትሄዳላችሁ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ዕቃ ታጥቦ ይቀመጥ፣ ፍሪጅ ባዶ ይሁን፣ ቆሻሻ ይውጣ ይላል። ለጽዳት ለብቻው ከፍለንም ቢሆን።

ታዲያ ጸሐፊው «ይረክሳል» ሲል እውነቱን ነው። የረከሰው ግን አንዱ ሰው በነጻ ስለሠራ ነው።

በዓመቱ ባለቤቴ ራሱ «ዘንድሮ ድስት አናይም» አለና ሪዞርት ቡክ አደረገ። 5 ሌሊት፣ ሦስቱም ምግብ የተካተተበት ፉል ቦርድ። ገንዘቡን ከመሄዳችን ሁለት ወር በፊት ከፍለን ጨረስን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም። ጠዋት ስነቃ «ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ?» የሚል ሐሳብ የለም። በልቼ እነሣለሁ። ሳህኑን የሚያነሣው ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ዓመቱን ሙሉ በቀን ሦስቴ ስለ ምግብ የሚያስብ ሰው ነው። ሪዞርት የሚገባን ሰው ሁሉ «ገንዘቡን የሚበትን» አድርጋችሁ ባትጽፉት ደስ ይለኛል። እዚያ ከሚቀመጡት ብዙ እናቶች የሚገዙት ምግቡን አይደለም፣ አለማሰቡን ነው።

አስቀድሞ ከፍሎ መጨረሱም ራሱን የቻለ እፎይታ አለው። ድራዜን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎወንስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠይቀው ነበር። የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽን ብትገዙ ክፍያው ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ቢያልቅ ትመርጣላችሁ ወይስ ከመጣ በኋላ በየወሩ ቢከፈል? ለአንድ ሳምንት የካሪቢያን ዕረፍትስ? ለማሽኑ ብዙዎቹ በኋላ መክፈልን መረጡ። ለዕረፍቱ ግን አብዛኞቹ አስቀድሞ ተከፍሎ ቢያልቅ አሉ። ማሽኑ ዓመታት ያገለግላል፣ እያገለገለ ይከፈልበት። ዕረፍት ግን ያልፋል፣ ካለፈ በኋላ ዕዳ መክፈል ይመራል። በዕረፍቱ መሀልም ልጅ አይስክሬም በጠየቀ ቁጥር ቦርሳ ከፍቶ ማስላት ደስታውን ይቀንሰዋል።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ሌላ ሌላውን ማየት ጀመርኩ።

የገባን ቀን መንገድ ላይ ዘግይተን ስለነበር ስንደርስ እራት ተነሥቷል። ሁለት ቀን ለጀልባና ለእግር ጉዞ ወጥተን ምሳ አመለጠን። የመጨረሻው ቀን ከንጋት በፊት ስለወጣን ቁርሱም ምሳውም ቀረ። የ15 ማዕድ ከፍለን 10 በላን። ሲሦው እዚያው ቀረ ማለት ነው፣ ያልተበላ ደግሞ አይመለስም። ሆቴሎቹ ይህን ያውቁታል። ፓኬጁን ሲያስቡት የሚቀረውንም አብረው አስበው ነው ዋጋ የሚያወጡለት። ብዙ ቦታ ማታውኑ ከነገሯቸው የነገውን ምሳ ቋጥረው ይሰጣሉ፤ ይህን ያወቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ስንት ሰዓት እንደምትደርሱና እንደምትወጡም አስሉ። ልጅ ስንት ዓመት ሲሞላው እንደ አዋቂ እንደሚታሰብም ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ 12 ላይ ነው። ትልቋ ልጄ 12ን ያለፈችው ከጉዟችን አንድ ወር ቀደም ብላ ነበር። ወፍ የምታህል ቁርስ ነው የምትበላው፣ የከፈልነው ግን የሙሉ ሰው ነው።

በተገኘንበት ማዕድ ላይም ልካችንን አልያዝንም። «ተከፍሎበታል» እያልን ሁለተኛ ሳህን፣ ሦስተኛ ሳህን። ከቁርስ በኋላ መተኛት እንጂ መዋኘት አያምረንም ነበር። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ጥናት ይህን ያስረዳል። የዓመቱን የቲያትር ትኬት ሊገዙ ከመጡት ሰዎች ለአንዳንዱ በሙሉ ዋጋ፣ ለአንዳንዱ በቅናሽ፣ በዕጣ ሰጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉም በላይ የተመላለሱት ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ናቸው። ቲያትሩ ያው ነው፣ ወንበሩም ያው ነው። የወጣ ገንዘብ ሰውን ይጎትታል። እኛንም ጎትቶናል። አንድ ቀን በባሕሩ ዳር ስንሄድ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ፍም ላይ ዓሣ ትጠብሳለች፣ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ልጆቹ ቆሙ። እኔ «ምሳችን ሆቴል ነው፣ ተከፍሎበታል» ብዬ እየጎተትኩ መለስኳቸው። ቀትር ላይ የት መሆን እንዳለብን የሚወስነው ፓኬጁ ሆኖ ነበር። ያንን ዓሣ አለመብላታችን እስካሁን ይቆጨኛል።

የጤናው ጉዳይ ደግሞ አለ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ትንሹ ልጄ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። ትንሽ ብትነካው ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ አለርጂ የሚያስነሡ 14 ዓይነት ነገሮች በሆቴልና በሬስቶራንት ምግብም ጭምር ለተመጋቢው እንዲገለጹ ያስገድዳል። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ጥሩ ሕግ ነው፣ በሌላ አገር ያሉ ሆቴሎችም ወረቀት መለጠፍ ጀምረዋል። ነገር ግን ቡፌ ላይ የሚያሰጋው ማንኪያው ነው። አንዱ እንግዳ ከአንዱ ጎድጓዳ ሳህን ያወጣውን ማንኪያ ሌላው ውስጥ ሲከተው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ምንም ወረቀት አይነግራችሁም። በመጨረሻ የወጥ ቤቱን ኃላፊ ጠርተን አነጋገርን። ጥሩ ሰው ነበር፣ ለልጁ ለብቻው ከኋላ በንጹሕ መጥበሻ ሠርቶ ያመጣለት ጀመር። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከአስተናጋጁ አልፋችሁ ከወጥ ቤቱ ጋር ተነጋገሩ። እኛ ያደረግነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሁለቱን ቀን ልጁ የበላው ዳቦና ሙዝ ነበር።

አማቴም ስኳር አለባቸው። መድኃኒታቸውን ወስደው የእራቱ በር እስኪከፈት መጠበቅ ነበረባቸው። አንድ ቀን ስኳራቸው ወርዶ ላብ በላብ ሆነው እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ቦርሳዬ ውስጥ ጭማቂ ባልይዝ ምን ይሆን ነበር? በተከራየነው ቤት ሳለን ግን በሚመቻቸው ሰዓት፣ የሚመቻቸውን ያህል ይበሉ ነበር። በዚህ በኩል ኩሽናው ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ሕመምተኛ፣ አለርጂ ያለበት ልጅ ወይም ሕፃን ያለው ቤተሰብ ቢያንስ አንድ የጋዝ ምድጃና ፍሪጅ ያለው ማረፊያ ይፈልግ።

ኩሽናው በራሱ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ምን እንደከተፈበት አታውቁም። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ መክተፊያውን፣ መጥበሻውንና ማንኪያዎቹን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደኅንነት ያወጣቸው አምስት ዋና ዋና ነገሮች አሉ፤ ለቤትም ለቡፌም ይሠራሉ። ንጽሕና መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግቡን በሚገባው ሙቀት ማስቀመጥ፣ ንጹሕ ውሃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ ትኩስ የሚቀርበው ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን ይላሉ። ቡፌ ፊት ስትቆሙ ይህን አስቡ። ትኩስ መሆን ያለበት ምግብ እንፋሎት ካልወጣው፣ ሰላጣው በረዶ ላይ ካልተቀመጠ እለፉት። ሌላው የእጅ ጉዳይ ነው። ሰው የሚበዛበት ቦታ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስነሣው ኖሮቫይረስ በቀላሉ ይዛመታል፣ በር ላይ የሚቀመጠው ሳኒታይዘር ደግሞ በደንብ አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይሻላል። የመጋሪያውን ማንኪያ ከያዛችሁ በኋላ፣ ዳቦውን በእጃችሁ ከመቁረሳችሁ በፊት።

አንድ ነገር ደግሞ ለተከራዮች። ዝናብ መጣ ብላችሁ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት አታስገቡ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ያስቀራል።

አሁን ስለ ፓኬጁ ስም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፣ እኛም ተጎድተናል። ቡክ ስታደርጉ ኢፒ የሚል ካያችሁ ክፍል ብቻ ነው፣ ምግብ የለውም። ሲፒ ወይም ቢቢ ቁርስ ይጨምራል። ሃፍ ቦርድ፣ ኤምኤፒም ይሉታል፣ ቁርስና ብዙውን ጊዜ እራት ነው። ፉል ቦርድ ወይም ኤፒ ሦስቱንም ምግብ ይይዛል። መጠጡን የሚጨምረው በአብዛኛው ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባለው ነው። እኛ ፉል ቦርድ ሲባል ውሃውም አብሮ ያለ መስሎን በየማዕዱ ስናዝ ሰንብተን፣ ስንወጣ የመጣው የውሃና የለስላሳ ቢል ሌላ አንድ ሌሊት የሚያሳድር ሆኖ አገኘነው። ተናደድኩ፣ ግን ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሁሉን አስቀድሞ ከፍሎ መዝናናትን በዓለም ያስፋፋው ክለብ ሜድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔን ማዮርካ ደሴት፣ አልኩዲያ ላይ በድንኳን ሲጀምር ምግቡ በጥቅሉ ውስጥ ነበር፤ በኋላ የመጠጥ ቤቱ ሒሳብ ግን እንግዶቹ አንገታቸው ላይ ባጠለቋቸው ዶቃዎች ይከፈል ነበር። ዶቃውን የሚገዙት ለብቻው ነው። «ሁሉም ተካትቷል» የሚለው ቃል ከጥንቱም ዳር ዳሩ መታየት ያለበት ቃል ነው።

ሌላው ያሳሰበኝ የሚደፋው ምግብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። 60 በመቶው ከቤት ነው፣ 28 በመቶው ከሆቴል፣ ከሬስቶራንትና መሰል ቦታዎች። ስለዚህ የሚደፋው ሆቴል ብቻ ነው ብዬ ጣቴን አልቀስርም፤ ያንን ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ትቼ የመጣሁት እኔ ነኝ። ግን ቡፌ ላይ ልጆቼ ያነሡትንና ያልበሉትን ሳይ ያመኝ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሆቴሎች ሳህናቸውን አነስ ሲያደርጉ፣ ወይም «ደጋግማችሁ መጥታችሁ ማንሣት ትችላላችሁ» የሚል ወረቀት ሲያስቀምጡ፣ የሚደፋው ምግብ 20 በመቶ ያህል ቀንሷል። እንግዳውም ቅር አላለውም። ልጆቼን የጣፋጭ ሳህን እንዲይዙ ካደረግኳቸው ወዲህ የሚተርፍ የለም።

«እኔ ግን ማብሰል ያዝናናኛል» የሚሉ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እህቴ እንዲህ ናት። አዲስ ቦታ ስትሄድ መጀመሪያ የምታየው ገበያውን ነው። የማታውቀውን አትክልት ገዝታ፣ ከሻጯ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቃ፣ ማታ ትሞክረዋለች። ይህ ለእሷ ሽርሽር ነው፣ ማንም አይንካባት። ግን እሷ የምታበስለው ሲያሰኛት ነው፣ ያላሰኛት ቀን ዳቦና ፍራፍሬ ይበላል፣ ማንም ፊቱን አያጠቁርም። በምትወደው ነገርና ግዴታዋ በሆነ ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም።

ባለፈው ዓመት በሦስተኛው መንገድ ሄድን። ትንሽ ኩሽና ያለው ማረፊያ ለ6 ሌሊት ይዘን ቁርሱን ብቻ ገዛን። ቁርስን የመረጥነው አስበንበት ነው። ጠዋት ሁላችን እዚያው ነን፣ ስለዚህ የሚቀር ማዕድ የለም። ልጆች እንደነቁ ይርባቸዋል፣ እኔም ከሁሉ ቀድሜ መነሣት የለብኝም። ምሳ የደረስንበት ቦታ፣ ያሰኘንን። የእራቱን ተራ ደግሞ ከጉዞው በፊት ወረቀት ላይ በየስማችን ጻፍነው። የገባንበት ሌሊት ከቤት ይዘነው የሄድነው ዳቦና ቅቅል እንቁላል ነው። ሁለት ሌሊት ባለቤቴ፣ አንድ ሌሊት ልጄና አማቴ፣ አንድ ሌሊት እኔ፣ አንድ ሌሊት ውጭ። ያበሰለ ሰው ዕቃ አያጥብም። ቅመሙን፣ ጨውንና ሻዩን ከቤት በትንንሽ ላስቲክ ቋጥረን ወሰድን፣ የተሳለች አንድ ቢላም ጨመርን። በአውሮፕላን ከሆነ ቢላዋ የምትሄደው በሚጫነው ሻንጣ ነው። ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አትያዙ። የአውሮፓ ኅብረትን ጨምሮ ብዙ አገሮች ከውጭ እንዲገባ አይፈቅዱም፣ በር ላይ ይወስዱባችኋል።

ባለቤቴ የመጀመሪያው እራቱ ሩዙ አረረበት። ሁላችን በላነው። በሁለተኛው ተራው አማቴን ጠርቶ ውሃውን ስንት ላድርግ ብሎ ጠየቀ፣ ጥሩ ሆነ። እኔ ያን ጊዜ ውጭ ተቀምጬ ፀሐይ ስትጠልቅ አየሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ዕረፍት ወጥቼ ፀሐይ ስትጠልቅ ተቀምጬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ላይ ነኝ።

ሰዓቱን አሁንም ጽፌዋለሁ። ድምሩ 11 ሰዓት ነው፣ የእኔ 3። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ጉዞ በለጠ፣ ከሪዞርቱ ግን በጣም አነሰ። የሁሉም ቤተሰብ እንዲህ ይሁን አልልም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው፣ ሁለት ሆነው የሚሄዱ፣ ሦስት ሕፃናት ያሏት እናት፣ ሁሉም የየራሱ ሒሳብ አለው። ሙሉ ፓኬጅ ገዝታ ለአምስት ቀን ስለ ምግብ ባታስብ የሚበጃት ሴት አለች፣ ትግዛ።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ንጽጽር በሚቀጥለው ስታወጡ ከወጪው ጎን ሁለት ነገር ጨምሩበት፤ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ሰዓቱስ የማን ነው። ጸሐፊውንም ጠይቁልኝ። በእሱ ሒሳብ ውስጥ ያለውን ምግብ ያበሰለው ማነው? ዕቃውንስ ማን አጠበው? ካላወቀ ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ፣ መልሱንም እዚሁ ገጽ ላይ ብናነብ ደስ ይለናል።

እኛ ዘንድሮም ቡክ ልናደርግ ነው። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ትንሹ ልጄ የሰኞ እራት ላይ ስሙን በትልቁ ጽፏል፣ ፓስታ ነው ብሏል፣ አባቱ ውሃውን ያፈላለታል።

የዘወትር አንባቢያችሁ